ፀሐይ እንዲህ እያለ ሶላራችን ለምን ይደክማል?

ቆቦ በፀሐይ አትታማም። መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችን ስልካችንን የምናተርፈው ቆርቆሮ ላይ ባሰርናት ሶላር ነው። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሶላሯ የተጻፈባትን ያህል አትሰጥም። "ፎርጅድ ነው የሸጡልን" እንላለን። ሁሌም ግን እንደዛ አይደለም።

ሶላር የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። የተሠራበት ሲሊከን ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል። "100 ዋት" የተባለው ፓነሉ ራሱ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ተለክቶ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። ፓነሉ 65 ዲግሪ ከገባ፣ 16 ዋት ሄደ ማለት ነው።

ተመራማሪዎች ዝም አላሉም። ሄትሮጀንክሽን የሚባለው የሲሊከን ሶላር በዲግሪ የሚያጣው 0.25 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚያው ሙቀት ኪሳራው ወደ 10 ዋት ይወርዳል። በፈረንጆቹ 2024 ደግሞ ሎንጂ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሲሊከን ላይ ፔሮቭስካይት የሚባል ቁስ ደርቦ፣ ከብርሃኑ 34.6 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሯል። ሲሊከን ብቻውን 29.4 በመቶን ማለፍ አይችልም። ችግሩ ፔሮቭስካይት ሙቀትና እርጥበት ቶሎ ይጎዳዋል። ለራያ ቆላ ዋናው ጥያቄ እንግዲህ "ስንት ይሰጣል?" ብቻ ሳይሆን "ስንት ዓመት ይቆያል?" ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?
• ፓነሉን ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት። ከሥሩ ንፋስ እንዲያልፍ ከፍ አድርጉት።
• አቧራውን ጠዋት፣ ሳይግል ጥረጉት።
• ስትገዙ ዋቱን ብቻ ሳይሆን በዲግሪ ስንት እንደሚቀንስም ጠይቁ። ያነሰው ይሻላል።

ሶላር ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።