ከስትሮክ በኋላ ማስተኛት ብቻውን አይበቃም

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ አስተኝቶ ማስታመም ይጀምራል፡፡ ያጎርሰዋል፣ ያለብሰዋል፣ ከተቀመጠበት እንዳይነሳ ይለምነዋል፡፡ ፍቅር መሆኑ አያጠራጥርም፡፡ ሆኖም ያልተንቀሳቀሰ እጅና እግር ይሟሽሻል፤ አንጎልም በዚያ ወገን መጠቀሙን እየተወው ይሄዳል፡፡

የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይበቅልም፡፡ የተረፈው ግን በድግግሞሽ የጎደለውን ሥራ በከፊል ሊለምድ ይችላል፡፡ ሙዚቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፡፡ በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚመራው የአንጎል ግራ ወገን ሲሆን፣ ዜማ ቀኙንም በሰፊው ያሠራል፡፡ ስለዚህ የልጁን ስም መጥራት ያቃተው ሰው የልጅነት መዝሙሩን ከነግጥሙ ሲያዜም ይገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1973 የቦስተን ባለሙያዎች አጫጭር አባባሎችን በዜማ እያስባሉ ወደ ንግግር የሚመልሱበትን ሕክምና ያስተዋወቁት ይህንኑ ይዘው ነው፡፡ እኩል የሚመታ ምት ደግሞ እርምጃን ያስተካክላል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የፊንላንድ ጥናት 60 ሕሙማንን ይዞ የተነሳ ነበር፡፡ ለሁለት ወራት በየቀኑ የመረጡትን ሙዚቃ ያዳመጡት፣ የተቀረጸ መጽሐፍ ካዳመጡትም ምንም ካልተሰጣቸውም በተሻለ የቃል ትውስታቸውና ትኩረታቸው ተመልሷል፡፡ «የመረጡትን» የሚለው ይሰመርበት፤ ጥላሁን ገሠሠን ለሚወድ አባት የልጅ ልጁን ራፕ መክፈት ሕክምና አይሆንም፡፡

«ዓመት ካለፈው አበቃለት» የሚባለውም ልክ አይደለም፡፡ በካናዳ ቫንኩቨር ስትሮክ ከያዛቸው ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 63 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፡፡ በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ ለ19 ሳምንታት በቡድን እግራቸውን ያሠሩት ሰዎች የልብና የሳንባ ብቃታቸው፣ የደካማው እግራቸው ጉልበትና የመራመድ አቅማቸው ጨምሯል፡፡ ሥራው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣትን የመሰለ ነው፡፡

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ማቋቋሚያ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፡፡ «አቅም» የሚለው ቃል ማምለጫ እንደሚሆን የሕግ ሰው ያውቀዋል፡፡ ነገር ግን የወረዳ አዳራሽ፣ አሥራ ሁለት ወንበርና አንድ ቴፕ ከአቅም በላይ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል፡፡ የዕድራችን አግዳሚ እንኳ ለቅሶ እስኪመጣ ተቆልፎበት ይከርማል፡፡

ለመጀመር ግን የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል፡፡ የደም ግፊት አስቀድሞ ይለካ፣ እንቅስቃሴውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይምረጠው፣ ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፣ በደካማው ጎን በኩልም ሰው ይቁም፡፡