ጥንድ እኩልታ በወናጎ የቡና ሚዛን

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ወናጎ የቡና አገር ናት። የጌዴኦ ገበሬ ቡናን ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጋር አሰባጥሮ የሚያለማበት መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡናው ሲደርስ ለገበያ የሚወጣው በሁለት መልክ ነው፦ አንዱ እንደተለቀመ የሚሸጠው ቀይ እሸት፣ ሌላው ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀው ጀንፈል። አንድ ኪሎ ጀንፈል ለማግኘት ሦስት ኪሎ ገደማ እሸት መድረቅ ስላለበት ዋጋቸው ለየቅል ነው። ሁለት ዓይነት ዕቃ፣ ሁለት ዓይነት ዋጋ፣ አንድ ሚዛን፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን የሚያስጨንቀው ጥንድ እኩልታ የሚወለደው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

እንበልና አንድ ቡና ሰብሳቢ ማምሻውን ሒሳብ ሲዘጋ እጁ ላይ ያሉት ሁለት ድምሮች ብቻ ናቸው፦ 90 ኪሎ ቡና ገዝቷል፣ 9,000 ብር ከፍሏል። እሸቱን በኪሎ 60 ብር፣ ጀንፈሉን በኪሎ 180 ብር እንደገዛ ያውቃል። (ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተመረጠ ነው።) ከእያንዳንዱ ስንት ኪሎ ገዛ?

የኪሎው ድምር ብቻውን መልስ አይሰጥም። 80 ኪሎ እሸትና 10 ኪሎ ጀንፈል 90 ይሞላል፤ 45 ለ45ም ይሞላል። ብሩም ብቻውን አይበቃም፤ 150 ኪሎ እሸት ብቻ ቢገዛ 9,000 ይደርሳል፣ 50 ኪሎ ጀንፈል ብቻ ቢገዛም እንዲሁ። ሁለቱን መረጃዎች ባንድ ጊዜ የሚያሟላው ግን አንድ ጥንድ ቁጥር ብቻ ነው። የእሸቱን ኪሎ ቀ፣ የጀንፈሉን ጀ ብንለው የሰብሳቢው ጥያቄ እንዲህ ይጻፋል፦

ቀ + ጀ = 90
60ቀ + 180ጀ = 9,000

የመጀመሪያው መፍቻ መተካት ነው። ከላይኛው እኩልታ ቀ = 90 − ጀ ስለሆነ፣ በታችኛው ውስጥ በቀ ፈንታ ይህንን እናስገባለን፦ 60(90 − ጀ) + 180ጀ = 9,000። ሲዘረዘር 5,400 + 120ጀ = 9,000 ይሆናል። ስለዚህ 120ጀ = 3,600፣ ጀ = 30፣ ቀ ደግሞ 60 ነው።

ሁለተኛው ማስወገድ ይባላል። ላይኛውን እኩልታ በሙሉ በ60 ብናባዛው 60ቀ + 60ጀ = 5,400 እናገኛለን። ይህንን ከታችኛው ስንቀንስ ቀ ይጠፋና 120ጀ = 3,600 ይቀራል። መልሱ ያው ነው።

ብዕር ያልያዘ ሰው ይህንኑ በቃሉ ሊያሰላው ይችላል፦ «90ውም ኪሎ እሸት ቢሆን 5,400 ብር በከፈልኩ ነበር። የከፈልኩት ግን 3,600 ብር ይበልጣል። አንድ ኪሎ ጀንፈል ከእሸት 120 ብር ይበልጣል። 3,600 ለ120 ሲካፈል 30።» በሁለቱም መፍቻዎች ያየናቸው 5,400፣ 120 እና 3,600 እዚህም አሉ። አልጀብራ የሠራው የቃሉን ሒሳብ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው፤ ትርፉ ቁጥሮቹ ሲከፉና ሲበዙም መንገዱ አለመጥፋቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ግራፍ ነው። በአግድሙ መስመር ላይ እሸትን፣ በቁሙ ላይ ጀንፈልን ብናስቀምጥ እያንዳንዱ እኩልታ አንድ ቀጥታ መስመር ይሆናል፤ መስመራዊ የተባሉትም ለዚህ ነው። አንደኛው በሁለቱም በኩል 90ን ይነካል፤ ሌላው አግድሙን 150 ላይ፣ ቁሙን 50 ላይ ይቆርጣል። የሚገናኙት እሸት 60፣ ጀንፈል 30 በሆነበት ነጥብ ነው። እኩልታን በሥዕል የማየትን ልማድ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው ነው። የማስወገድ ዘዴ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት በቻይና የተጠናቀረው «ዘጠኙ የሒሳብ ምዕራፎች» ስምንተኛ ምዕራፉን ለዚሁ ሰጥቶታል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ስለ እህል ምርት የሚጠይቅ ነው።

ሁለት እኩልታ ስለተገኘ ብቻ መልስ ይገኛል ማለት ግን አይደለም። አሁን ዋጋው የማይታወቅ ይሁንና ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ለአንድ ገዢ ሸጡ እንበል። የመጀመሪያው ለ40 ኪሎ እሸትና ለ10 ኪሎ ጀንፈል 4,200 ብር ተቀበለ። ሁለተኛው ለ20 ኪሎ እሸትና ለ5 ኪሎ ጀንፈል 2,100 ብር ተቀበለ። ከዚህ የኪሎውን ዋጋ ማወቅ አይቻልም። የሁለተኛው ሒሳብ የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ አዲስ ነገር አልነገረንም። በግራፍ ብናወጣቸው አንዱ መስመር በሌላው ላይ ይተኛል፣ መልሱም ስፍር ቁጥር የለውም።

ሁለተኛው ሰው የተቀበለው 2,100 ሳይሆን 2,000 ብር ቢሆንስ? የግማሹ ክፍያ ግማሽ መሆን ሲገባው 100 ብር ጎድሏል። መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም፤ መልስ የለም። ይህ የሒሳቡ ድክመት አይደለም። ገዢው ከሁለቱ የገዛው በአንድ ዋጋ አይደለም ወይም አንዱ ቁጥር ተሳስቷል እያለን ነው።

ይህንን አስቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ አጭር ፍተሻ አለ፤ የማይታወቁትን የሚያባዙትን ቁጥሮች በመስቀል ማባዛት ነው። በጎረቤታሞቹ ምሳሌ እነዚህ ኪሎዎቹ ናቸው፦ 40 በ5 ሲባዛ 200፣ 10 በ20 ሲባዛም 200። ሁለቱ ብዜቶች እኩል ከሆኑ ወይ መልስ የለም ወይ መልሱ ማለቂያ የለውም። በሰብሳቢው ጥያቄ ግን (በላይኛው እኩልታ ቀ እና ጀ በ1 እንደተባዙ ይቆጠራሉ) 1 በ180 ሲባዛ 180፣ 1 በ60 ሲባዛ 60 ነው፤ ስለሚለያዩ መልሱ አንድ ብቻ እንደሚሆን ገና ሳንፈታው እናውቃለን። የማይታወቁት ሦስት፣ አሥር ወይም ሺህ ሲሆኑም ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚሁ የማስወገድ ሐሳብ ነው።

ለተማሪዎች አንድ ምክር እንጨምር። መልስ ስታገኙ በአንዱ እኩልታ ብቻ ፈትሻችሁ አትለፉ። 50 እና 40 ድምሩን 90 ያደርሳሉ፣ ክፍያውን ግን 10,200 ያደርጉታል። 60 እና 30 ግን ኪሎውን 90፣ ብሩንም 3,600 ሲደመር 5,400፣ 9,000 ያመጣሉ። መልስ የሚባለው ሁለቱንም እኩልታ ያሟላው ብቻ ነው።