ለሦስት መቶ እድምተኛ ስንት ኪሎ ፍራፍሬ?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የወሎ ቦረና ቀበሌዎች ድግስ የሚያውቁ ሴቶች የእድምተኛው ቁጥር ሲነገራቸው ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሚፈጅ፣ ስንት ጋን ጠላ እንደሚጠመቅ ወዲያው ይናገራሉ። ስሌቱ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ የሚሳተውም አልፎ አልፎ ነው። ፍራፍሬ ግን ወደ ሠርግ ዳስ የገባው ከከተማ ልማድ ጋር፣ በቅርቡ ስለሆነ የተወረሰ መስፈሪያ የለውም። ደጋሹ በግምት ይገዛል። ከዚያ ወይ ግማሹ ሰው ሳይደርሰው ያልቃል፣ ወይ ሙዙ በሣጥን በሣጥኑ ጓዳ ውስጥ ይጠቁራል።

መጀመሪያ ልጣጩን እናንሳ። መካከለኛ ሙዝ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት 150 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ልጣችሁ ስትመዝኑት ወደ 100 ግራም ይወርዳል። ማንጎ በልጣጩና በፍሬው ሲሶ ያህሉን ይወስዳል፤ ቃጫማው ያገር ማንጎ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ብርቱካንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐብሐብ በወፍራም ቅርፊቱ የተነሳ ግማሽ ያህሉን ሊያስጥል ይችላል። በጥቅሉ ከተገዛው ውስጥ የሚበላው 65 በመቶ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ለአንድ ሰው ስንት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ይህ በ80 ግራም ሲከፈል አምስት ጊዜ ይሆናል። ጥሬ ሥጋና ወጥ በልቶ፣ ጠላ ጠጥቶ የጠገበ እድምተኛ ግን ከአንድ ጊዜው ድርሻ ብዙ አይዘልም። ስለዚህ 100 ግራም እንያዝለት። ፍራፍሬው ከምግብ በፊት ከቀረበ ወይም እንደ ምርቃት ዝግጅት ሌላ ብዙ ምግብ ከሌለ እጥፍ ማድረግ ይሻላል። ለ300 ሰው የሚበላው 30 ኪሎ ነው፤ ከነልጣጩ 46 ኪሎ። 30 ኪሎ ገዝቶ «ለሰው መቶ መቶ ግራም» ያለ ደጋሽ በእርግጥ ያቀረበው 65 ግራም ነው።

አሁን ደጋሾችን በከንቱ ወደሚያስጨንቀው ጥያቄ እንምጣ። አንዱ ምንም አይነካም፣ ሌላው ሦስት ሙዝ ያነሳል፤ ታዲያ እንዴት ይታወቃል? የሒሳብ ሊቁ ያኮብ ቤርኑሊ፣ ከሞተ በኋላ በ1713 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ ለዚህ መልስ የሚሆን ሕግ አስቀምጧል። ብዙ ሰው ሲሰበሰብ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የጠቅላላው ስሕተት የሚያድገው በሰው ቁጥር ልክ ሳይሆን በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የአንድ ሰው አበላል ከመቶ ግራሙ በ70 ግራም ያህል ወደላይና ወደታች ይለያያል እንበል። የ300 ስኩዌር ሩት 17 ገደማ ስለሆነ የሁሉም ድምር የሚዋዥቀው በ1.2 ኪሎ ብቻ ነው። እጥፉን ብንጠነቀቅ እንኳ 2.4 ኪሎ ነው፤ የሚበላው ደግሞ 30 ኪሎ። የሆዳምና የቁጥብ ነገር እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም።

እንቅልፍ የሚነሳው ሁሉንም ሰው ባንድ አቅጣጫ የሚገፋው ነገር ነው፤ እሱ እርስ በርሱ አይጣፋም። 300 ተጠርቶ 360 ቢመጣ (በመካነ ሰላም ጎረቤት ካርድ አይጠብቅም) የሚበላው በ6 ኪሎ፣ ከነልጣጩ በ9 ኪሎ ይጨምራል። ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ዳሱ ከሞቀ ሁሉም ውሃማ ፍሬ ይሻል። ሥጋው ዘግይቶ ከቀረበ ሁሉም ረሃቡን በሙዝ ያስታግሳል። ስለዚህ የሰውን ቁጥር በትክክል ለማወቅ የሚጠፋ ሰዓት ስለ ሰው ሆድ ከመገመት ይልቅ ያተርፋል። የቁጥሩንና የአበላሉን ጥርጣሬ ባንድ ላይ ስናሰላ ግዢው ወደ 56 ኪሎ ይደርሳል።

የወሎ ድግስ ደግሞ ፍራፍሬን የሚያስመሰግን ጠባይ አለው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ደጋሹ ለሁለት ወጥ ቤት ሁለት መጠባበቂያ መያዝ አለበት፤ አንዱ ቢያልቅ ከሌላው መቅዳት አይቻልምና። ፍራፍሬው ግን የሁሉም ነው፤ ዕለቱ ዓርብ ሆኖ ጿሚ ቢኖርም ያው ነው። የስኩዌር ሩቱ ስሌት እዚህም ይሠራል፦ ለየብቻ አምስት አምስት ኪሎ መጠባበቂያ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ወገኖች አንድ ላይ ሲታሰቡ ሰባት ኪሎ ይበቃቸዋል፤ ሁለቱም ባንድ ቀን የመብዛታቸው ዕድል አነስተኛ ነውና።

ኪሎው ቢታወቅም ሙዙ በሠርጉ ቀን መብሰል አለበት። አብዛኛው የአገራችን የገበያ ሙዝ የሚበቅለው በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ ስምንት ዲግሪ ይሆናል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የመብሰል ፍጥነት ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቆላ ላይ በአራት ቀን የሚበስለው እዚህ ሳምንት ይጠይቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መንገዱ ነው። ከደሴ የሚመጣ መኪና በጉጉፍቱ በኩል የለጋምቦን ደጋ ያቋርጣል፤ የሠርግ ወር የሆነው ጥር ደግሞ የውርጭ ወር ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ የልጣጩ ሕዋሳት ሽፋን ይጎዳል፣ ውስጡ ያለው ፌኖል ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። ከዚያ በኋላ ቢሞቅም ቢጫው አይደምቅም፤ አመድ ለብሶ ይቀራል። ሻጩን መውቀስ አያዋጣም። በቀን የተጓዘና በጭድ ወይም በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጭነት መምረጥ ይበጃል።

ጥሬ ሙዝ ከደረሰ በኋላ የሚያበስለው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ነው። ፍሬ ራሱ ይህን ጋዝ እንደሚያመነጭ ተመራማሪው ሪቻርድ ጌን በ1934 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። ነጋዴዎች በተዘጋ ክፍል ነጭ ጋዝ የሚያጨሱት ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን ስላለ ነው። ለቤት ግን ጭሱ አያስፈልግም፤ ጥቂት የበሰሉ ሙዞች ወይም አንድ የበሰለ ማንጎ ከጥሬዎቹ ጋር ሞቅ ባለ ክፍል፣ በካርቶን ሸፈን አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ብርቱካንና ሐብሐብ በዚህ መንገድ አይበስሉም። ከተክላቸው ከተቆረጡ በኋላ ይበልጥ አይጣፍጡምና ቀምሶ መግዛት ግድ ነው።

ከልክ በላይ መግዛት ይሻላል ወይስ ማሳነስ? የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ በ1888 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥያቄ ስለ ባንክ ጠይቆ ነበር፦ ባንክ ለገንዘብ አውጪዎች ስንት ብር በእጁ ይያዝ? በኋላ የመጡ ሊቃውንት መልሱን ወደ ቀላል ስሌት አወረዱት። «አነሰ» መባል ከትርፍ ኪሳራ አራት እጥፍ የሚያሳምም ከሆነ ከአሥር ድግስ በስምንቱ የሚበቃውን ያህል መግዛት ነው። በእኔ ግምት እኛ ዘንድ «አነሰ» መባል ከአራት እጥፍም በላይ ያሳምማል።

የትርፉ ኪሳራ ግን እንደ ፍሬው ይለያያል። ሳይላጥ የተረፈ ሙዝና ብርቱካን ለመልሱ ወይም ወጥ ሲያማስሉ ለዋሉት ጎረቤቶች ይሆናል። የተቆራረጠ ፓፓያና ሐብሐብ ግን በሞቀ ዳስ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው አይሰጥም። ስለዚህ ከ56ቱ ኪሎ 40 ያህሉን ሙዝና ብርቱካን አድርጎ በልጣጩ ማቅረብ፣ የቀረውን ደግሞ ሥጋው ሲነሳ ግማሹን፣ ሳህኖቹ ባዶ ሲሆኑ ቀሪውን መቁረጥ ነው። ቢላዋው ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት አይሁን።