ሠላሳው ክኒን ሲያልቅስ? ለነጻ ሕክምና ከአገር ውጭ ለምትሄዱ



ሰሞኑን አንዲት ነርስ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ከቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር ለሁለት ሳምንት ነጻ ሕክምና ለመስጠት ማላዊ ልሄድ ነው። ምን ምን ይዤ ልሂድ?» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር ማላዊ ሐይቅ ዳር ወዳለ መንደር ሄጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከረዳሁት ይልቅ የተማርኩት ይበልጣል።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አጎጎ መጡ። «አጎጎ» በቺቼዋ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ እኛ «እማማ» እንደምንለው። ግፊታቸውን ስለካው 210 በ120! እሳቸው ግን ከትንሽ ራስ ምታት በቀር የሚሰማቸው ነገር የለም። ከሻንጣችን የግፊት መድኃኒት አውጥቼ 30 ፍሬ በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋቸው። በአስተርጓሚ «በቀን አንድ» አልኳቸው። መረቁኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ቀጣዩን ታካሚ ጠራሁ።

አጠገቤ የጤና ጣቢያው ክሊኒካል ኦፊሰር ተቀምጧል፤ የእኛን ጤና መኮንን የሚመስል ሙያ ነው። ዝግ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ ሠላሳው ክኒን ሲያልቅስ?» አለኝ። ቀጠል አድርጎም «ደብተራቸው ላይ ጽፈውላቸዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

ማላዊ ውስጥ ታካሚው የሕክምና ታሪኩ የሚጻፍበትን ትንሽ ደብተር ራሱ ነው የሚይዘው፤ «ሄልዝ ፓስፖርት» ይሉታል። ጤና ተቋም ሲሄድ ይዞት ይሄዳል፣ ባለሙያው ከዚያ ላይ ያነባል። እኔ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ይባስ ብሎ የሰጠኋቸው መድኃኒት በዚያ ጤና ጣቢያ አይገኝም። እኛ በሁለት ሳምንት እንሄዳለን፣ ክኒኑ በወር ያልቃል፣ ግፊቱ ይመለሳል፤ ምን ሲወስዱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

ደም ግፊት እኮ እንደ ቶንሲል በአንድ ሳምንት መድኃኒት ታክሞ የሚያልቅ በሽታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው የዕድሜ ልክ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱን ከበፊቱ በላይ ሊያሻቅቡት ይችላሉ። ስኳር፣ የሚጥል በሽታና አስምም እንዲሁ ክትትል ይፈልጋሉ።

አጎጎን ከደጅ አስጠራናቸው። መድኃኒቱን ጤና ጣቢያው ባለው ቀየርንላቸው፣ ደብተራቸው ላይ ልኬቱን፣ የመድኃኒቱን ስምና የቀጠሮውን ቀን ጻፍን። አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ከወር በኋላ ያ ባለሙያ በዋትሳፕ አንድ መስመር ላከልኝ፦ «አጎጎ በቀጠሯቸው መጥተዋል፤ 150 በ90።» ከዚያ ጉዞ በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው። ሥራውን የሠራው ግን እዚያው የቀረው ሰው ነው።

እንግዲህ ለምትሄዱ ሁሉ ምክሬ ይኸው፦

1. ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ

የጋበዛችሁ የአካባቢው ጤና ተቋም አለ? እናንተ ስትመለሱ ታካሚዎቹን ማን ይረከባል? ጤና ጣቢያው ምን ምን መድኃኒት አለው? መልስ ከሌለ ጉዞው ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ከየቤቱ የተረፈ መድኃኒት ሰብስባችሁ አትሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በእርዳታ የሚሄድ መድኃኒት ሲደርስ የመጠቀሚያ ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው እንዲሆን ይመክራል። ተቀባዩ አገር የሚጠቀምበት ዓይነትም መሆን አለበት።

ፈቃድም ያስፈልጋል። ማላዊ ውስጥ ለሐኪሞች ጉዳዩ የሚመለከተው የአገሪቱን የሕክምና ምክር ቤት ነው። ደግሞ እዚህ ለብቻችሁ እንድትሠሩ ያልተፈቀደላችሁን እዚያም አትሥሩ። ተማሪ ድንበር ስለተሻገረ ሐኪም አይሆንም።

2. ራሳችሁን ጠብቁ

«እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ወባ ምን ያደርገናል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስህተት ነው! አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ እዚህ ያደገ ሰው ወባን የለመደ አካል የለውም። ማላዊ ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ዓይነት ነው። ስኮትላንዳዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ሮበርት ሎውስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1875 ሐይቁ ዳር፣ ኬፕ ማክሊር ሰፍረው ነበር። ወባ ሰው ስለጨረሰባቸው ሚሲዮኑ መጀመሪያ ወደ ባንዳዌ፣ በመጨረሻም በ1894 ወደ ደጋው ለመሄድ ተገዷል።

ስለዚህ የወባ መከላከያ መድኃኒት ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ጀምሩ፤ ተመልሳችሁም እስከታዘዘላችሁ ቀን አታቋርጡ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከተመለሳችሁ በኋላ ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። አጎበር ተጠቀሙ። በጉዞ ላይም ሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ተናገሩ።

ቢጫ ወባ፦ ስሙ ቢመሳሰልም ወባ አይደለም፣ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስታችሁ ማላዊ ስትገቡ የክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ።

ሄፓታይተስ ቢ፦ ሦስቱ ክትባቶች በተለመደው መርሐ ግብር 6 ወር ይወስዳሉ። ትኬት ከቆረጡ በኋላ ማሰብ ይዘገያል።

መርፌ ከወጋችሁ፦ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አትጭመቁት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የት እንደሚገኝ ከመጀመሪያው ቀን እወቁ።

ሐይቁ፦ በጣም ያምራል፣ ግን ቢልሃርዚያ አለበት። ዋኝታችሁ ከሆነ ስትመለሱ ንገሩን፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መመርመር ያስፈልጋል።

3. ጸሎትና መድኃኒት

ቡድኑ የክርስቲያን ነውና ጸሎት ይኖራል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሕክምና ፈልጎ የተሰለፈ ሰው «አልፈልግም» ለማለት ይፈራል። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ይሁን። የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንም ሕክምናው አይጉደልበት። ከሁሉም በላይ «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ተው» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይውጣ። የኤችአይቪ ወይም የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ሰው ይገድላል።

ፎቶስ? የታመመ ሕፃን ፎቶ ለፌስቡክ መለጠፍ አቁሙ። የራሳችሁ ልጅ ቢሆን ትለጥፉት ነበር?

4. ትታችሁ የምትመጡትን አስቡ

ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ ለሦስት ዓመት ኮንትራት ነበር። ካትሪን እስከ 2020፣ ሕይወታቸው እስካለፈ ድረስ፣ እዚሁ ኖሩ። የፊስቱላ ሆስፒታሉን ብቻ ሳይሆን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅም ትተውልን ሄደዋል። ሁላችንም ስልሳ ዓመት መቆየት አንችልም። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ግን አንድ ነርስ ሊያሠለጥን፣ አንድ የግፊት መለኪያ ከነአጠቃቀሙ ሊተው፣ የእያንዳንዱን ታካሚ ደብተር በሚነበብ ጽሑፍ ሊሞላ ይችላል።

እና እህቴ፣ ምን ይዤ ልሂድ ላልሽው፦ የክትባት ካርድሽን፣ የወባ መከላከያሽን፣ አጎበርሽንና ብዙ እስክርቢቶ ይዘሽ ሂጂ። ክኒን በሰጠሽ ቁጥር «ሲያልቅስ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አጋሩት። መልካም ጤና!