ተራ ጽሑፍ መጽሐፍ የሚሆነው እንዴት ነው?

በተማሪዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው የአማርኛ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው ምዕራፉ ያልተለየ፥ ግጥሙ ከስድ ንባቡ የተደባለቀ፥ ማውጫ የሌለው ረዥም ጥቅል ነው። ይህንኑ ወደ ደንበኛ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለመለወጥ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ለምሳሌ የዘጌውን ተወላጅ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» እንውሰድ። ይህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ታተመ፤ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ1947 ሞቱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጠበቅ ስለ ሆነ፥ ይህን መጽሐፍ ዛሬ ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም የተወለዱት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን፥ ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነውና፥ ያለ ወራሾች ፈቃድ የሚነካ አይደለም። ብዙ ጓደኞቻችን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ያሳዝናል።

ጽሑፉ በኮምፒዩተር ተለቅሞ ተገኘ እንበል። በመጀመሪያ የሚመረመረው ፊደሉ ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የጽሕፈት ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ደብቀው ያስቀምጡ ስለ ነበር፥ እንዲህ የተጻፈ ፋይል በስልክ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ሁለት ጊዜ በተመታ ሁለት ነጥብ የተጻፈውም አራት ነጥብ በአንዱ ። ይተካ።

ከባዱ ሥራ መስመሩ ላይ ነው። ጸሐፊው በየመስመሩ መጨረሻ መስመር እየሰበረ ጽፎ እንደ ሆነ፥ በጠባብ የስልክ ገጽ ላይ ንባቡ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ መስመሮቹ ተቀጥለው በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ብቻ ባዶ መስመር ይቀመጣል። በግጥም ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ስንኙ ከተቀጠለ ቤት መምታቱ ከዓይን ይጠፋል። ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም ምድር ይህን ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም፤ መኪናው ግን ስድ ንባቡን ከግጥሙ አይለይም። ለይቶ ምልክት የሚያደርግለት ሰው ነው።

ምልክቱም ቀላል ነው። ፓንዶክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በምዕራፍ ርእስ ፊት # ይጻፋል፤ በየስንኙ መጀመሪያ | ይደረጋል፤ ከሁለቱም ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ ይተዋል። የመጽሐፉ ስም፥ ደራሲውና ቋንቋው ከተነገረው በኋላ ፕሮግራሙ ማውጫውን ራሱ ሠርቶ ኢፐብ የተባለውን ፋይል ያወጣል። ኢፐብም የድረ ገጽን የመሰሉ ገጾች፥ ቅደም ተከተላቸውና ማውጫቸው በአንድነት የታሰሩበት ጥቅል ነው። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ ፈቃዱ ነፃ ስለ ሆነ አብሮ ቢታሸግ፥ የእኛ ፊደል በሌለበት መሣሪያ ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ከመታየት ያድናል። የመስመሩ ጠርዝ በግራ ብቻ ይስተካከል፤ ቃሎቻችን ረዣዥም ናቸውና በሁለቱም ወገን ሲወጠሩ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል።

አፈወርቅ ዛሬ እኛ «ሀ» በምንጽፍበት ስፍራ «ሐ» ወይም «ኀ» ጽፈው ቢገኙ እንዳለ ይተው። በመጨረሻ አንዱ ከታተመው መጽሐፍ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው በስልኩ ላይ ይከታተል፤ የተዘለለ መስመር የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።