ሃያ አምስት ቀን ወይስ አምስት ቀን?
ስለ ጡት ነቀርሳ የጨረር ሕክምና

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ነገር ግን በሽታዋን ሳትደብቅ ከሩቅ ገጠር ተነሥታ ወደ ሐኪም ቤት የመጣች እናት፣ መድኃኒቱ አምስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ መመላለስን የሚጠይቅ ቢሆንባት ምን ታድርግ? ልጆቿን ለማን ትተው? የማደሪያዋንስ ገንዘብ ከየት ታምጣ? ይህ የአንዲት እናት ጭንቀት ብቻ አይደለም፤ የብዙ አገር ሊቃውንትን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ የሳይንስ ጥያቄም ነው።

ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የጡት ነቀርሳ ዋና ሕክምና ቢላዋ ነበረ፤ ይኸውም ጡቱን ከደረት ጡንቻው ጋር ጨርሶ ማንሣት ነው። ይህ ልማድ በብርቱ የተፈተነው በ1970ዎቹ፣ በኢጣልያ ዶክተር ቬሮኔዚ፣ በአሜሪካ ዶክተር ፊሸር ባደረጉት ምርመራ ነው። ዶክተር ፊሸርና ጓደኞቻቸው 1,851 ሴቶችን ተከታትለው በ2002 የሃያ ዓመቱን ውጤት ሲያስታውቁ፣ ዕጢው ብቻ የወጣላቸውና ጡታቸው በሙሉ የተነሣባቸው ሴቶች በዕድሜ ረገድ ልዩነት እንዳልታየባቸው ገለጹ። ሆኖም ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጨረር ካልተሰጣቸው ከመቶው በ39ኙ ላይ በሽታው ወደዚያው ጡት ተመልሷል፤ ጨረር ከተሰጣቸው ግን በ14ቱ ላይ ብቻ። እንግዲህ ጡትን ሳይቆርጡ ለማዳን ጨረሩ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ተረጋገጠ።

ጨረሩ እንዴት ይሠራል? የሕዋሱን ውስጣዊ የዘር መዝገብ ይሰባብራል። ጤነኛው ሕዋስ ከአንዱ ቀን እስከ ሌላው ቁስሉን ይጠግናል፤ የነቀርሳው ሕዋስ ግን በጥገና ደካማ ነው። ስለዚህ የቀደሙት ሐኪሞች መጠኑን በትንሽ በትንሹ ከፍለው መስጠትን መረጡ። መጠኑ የሚለካው በእንግሊዛዊው ሊቅ ስም በተጠራው «ግሬይ» በተባለው መስፈሪያ ሲሆን፣ የተለመደው በየቀኑ 2 ግሬይ፣ በ25 ቀን 50 ግሬይ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሲታረፍ አምስት ሳምንት ይሞላል።

የእንግሊዝና የካናዳ ሐኪሞች ግን፣ «የጡት ነቀርሳም እንደ ጤነኛው ሥጋ በአንድ ጊዜ ለሚሰጥ ከፍ ያለ መጠን የሚሸነፍ ከሆነ፣ ማንጠባጠቡ ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁ። በካናዳ 1,234 ሴቶች በሁለት ተከፍለው ከፊሎቹ 25 ቀን፣ ከፊሎቹ 16 ቀን ታከሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ በሽታው የተመለሰባቸው ከመቶ 6.7 እና 6.2 ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። እንግሊዞችም 15 ቀን በቂ መሆኑን አሳዩ። በዚህም አልቆሙም። ከ2011 እስከ 2014 ድረስ 4,096 ሕሙማንን መዝግበው፣ 15 ቀንን ከ5 ቀን ጋር አወዳደሩ። በ2020 የወጣው የአምስት ዓመት ውጤት እንዳመለከተው፣ በ15 ቀን 40 ግሬይ ከተሰጣቸው ከመቶ 2.1 ላይ፣ በ5 ቀን 26 ግሬይ ከተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 1.4 ላይ ብቻ በሽታው ተመልሷል። በዚያው ምርመራ በ5 ቀን 27 ግሬይ የተቀበሉት ግን የጡት መጠንከርና ሌላም ጉዳት በዝቶባቸዋል። አንዲት ግሬይ ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች! ስለዚህ ማሳጠር ማለት መቸኮል አይደለም፤ በጥንቃቄ መስፈር ነው።

ከቀኑ ብዛት ሌላ የአነጣጠሩም ነገር አለ። ጡት አንዱ ወገኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ስለሆነ በድሮው ዘዴ አንዳንዱ ስፍራ ከሚገባው በላይ ይቃጠል ነበር። የጨረሩን ኃይል እንደ ጡቱ ቅርጽ የሚያስተካክለው አዲሱ ዘዴ በካናዳ በ331 ሴቶች ላይ ሲፈተን፣ ቆዳቸው ረጥቦ የተላጠው ከመቶ 47.8 ወደ 31.2 ዝቅ ብሏል። ግራ ጡቷ ለታመመ ሴት ደግሞ ዋናው ሥጋት ልብ ነው። በስዊድንና በዴንማርክ 2,168 ሴቶችን ያጠኑ ሐኪሞች በ2013 እንዳስታወቁት፣ ልብ በአማካይ በሚቀበለው በእያንዳንዱ ግሬይ ብርቱ የልብ በሽታ ከመቶ 7.4 ይጨምራል። መከላከያው ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ሕመምተኛይቱ በረጅሙ ተንፍሳ ትንፋሿን ስትይዝ ሳንባዋ ይነፋና ልቧ ከደረት ግድግዳ ይርቃል፤ ጨረሩም በዚያች ቅጽበት ይለቀቃል። ትንፋሽን የመሰለ ርካሽ መሣሪያ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቃው ነቀርሳ ሁሉ ቀዳሚው የጡት ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበረ፤ ወረፋውም ረጅም ነበር። በቅርብ ዓመታት በዚያም በጅማም አዳዲስ መሣሪያዎች ሥራ ጀምረዋል። ቢሆንም የሕዝቡን ብዛት ላሰበ ገና ጥቂት ናቸው። እስቲ ሒሳቡን እናስላው፤ አንዲት ሴት በ25 ቀን በምትይዘው ተራ፣ በአምስት ቀን ሕክምና አምስት ሴቶች ይስተናገዱበታል። የተመራማሪዎቹ የዓመታት ድካም ለእኛ የተራቀቀ ወሬ ሳይሆን የወረፋ ጉዳይ ነው።

እርግጥ ነው፣ አምስት ቀን ለሁሉ አይሆንም። የተፈተነው ዕጢው በቀዶ ጥገና በወጣላቸው፣ በሽታቸውም ሩቅ ሳይሄድ በተደረሰባቸው ሴቶች ላይ ነው። የትኛው ዘዴ ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሟ ነው። ነገር ግን ነገ በጀት የምትጽፉና መሣሪያ የምትገዙ እናንተ ወጣቶች ይህን አስቡ፤ ከሁሉ የሚሻለው ሕክምና በዋጋ የከበደው ሳይሆን ሕመምተኛይቱ ጀምራ የምትጨርሰው ነው። በሽታዋን ሳትደብቅ ለመጣችው እናት፣ እኛም መድኃኒቱን ልናርቅባት አይገባም።