ተጨማሪ መረጃ፦ እርጎ ሁሉ ፕሮባዮቲክ ነው?
ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የቦርከና ወንዝ የሚያረሰርሰው የጨፋ ሜዳ በበጋ የከብትና የግመል መሰማሪያ ነው። ወተት ካለ ደግሞ እርጎ አለ። በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል የተቀመጠ ወተት የሚረጋው፣ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። ጭሱም መዓዛ ከመስጠቱ ሌላ አንዳንድ ጀርሞችን ይገታል።

እርጎ ሁሉ ግን ፕሮባዮቲክ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2001 እ.ኤ.አ. እንደበየኑት፣ ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። መሞት የለባቸውም። የእንጀራ ሊጥም በዚሁ ዓይነት ባክቴሪያ ይቦካል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ምጣዱ ላይ ያልቃሉ!

የፕሮባዮቲክ ጥቅም ይበልጥ የታየው አንቲባዮቲክ የሚያስከትለውን ተቅማጥ በመከላከል ነው። በስኳር በሽታና በደም ግፊት ላይ የተገኘው ለውጥ አነስተኛ ስለሆነ፣ እርጎ ጠጣሁ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከፈላ ወተት በተሠራ ጥቂት እርጎ ማርጋት ይሻላል፤ በዚህ መንገድ ጎጂዎቹ ይሞታሉ፣ ጠቃሚዎቹ እንደገና ይገባሉ።